የጎማው ዋጋና የእጁ ዋጋ

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ጦርነት ማንበብ ለለመደ ሰው የዛሬው ጉዳይ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። የዛሬው ጽሑፍ ስለ አንድ ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ያረጀውን ጎማ አስወልቄ አዲሱን ለማስገጠም በአንድ ጎሚስታ ቤት ስለ ከፈልሁት 300 ብር፣ እንዲሁም ስላልከፈልሁት 200 ብር ነው። «ከዚህ ሁሉ ጉድ መካከል 200 ብር ምን ቁም ነገር አላት?» የሚለኝ ቢኖር አልቀየምም። ከጊዜ በፊት እኔም የምለው ይህንኑ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ በ2014 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሁለት ዓመት ያህል የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ከረመ። በመጨረሻ እኔ ካጠራቀምሁት፣ እናታችንም ከዕቁቧ ጨምራ አንድ ያገለገለ ባለ 150 ሲሲ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ገዛንለት። ማኅበር ገብቶ ዕቃና ምግብ ከደጅ ደጅ ማድረስ ጀመረ። እንደምታስታውሱት አዲስ አበባ ከሞተር ሳይክል ጋር ያላት ወዳጅነት ወረት የበዛበት ነው። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ እንቅስቃሴያቸውን አግዶ ነበር፤ ኋላ ደግሞ በማኅበር ለተደራጁ፣ ለተመዘገቡና የመከታተያ መሣሪያ ላስገጠሙ ፈቀደ። ወንድሜ የዚህ የሁለተኛው ዘመን ልጅ ነው። በአንድ እጁ ዲግሪ፣ በሌላው የፒዛ ካርቶን ይዞ ከተማውን ያካልላል።

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ዝናቡ ሲጠና የኋላው ጎማ ጥርሱ አልቆ እንደ መስተዋት ለስልሶ ነበር። «ጋሼ፣ በዚህ ጎማ ክረምቱን አልወጣውም» አለኝ። ገንዘብ ያዥው እኔ ነኝና አብሬው መርካቶ ወረድሁ። ልኩ 3.00-17 የሆነ አንድ ጎማ 4,600 ብር ገዛን። ሻጩ ዋጋውን ከነገረን በኋላ «ዶላር እኮ ጨምሯል» ሲል አከለ፤ እኔም እንደ ዐዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ። ደረሰኝ ብንጠይቀው 15 በመቶ እንደሚጨመርብን አስረዳን፤ ደረሰኙን ተውነው። በዚህ ሁሉ መካከል እኔ አንዲት ብር እንዲቀነስልኝ አጥብቄ እንዳልተከራከርሁ ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ወደ ሰፈራችን ተመልሰን መንገድ ዳር ሸራ ከተወጠረባት አንዲት ጎሚስታ ቤት ደረስን። ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል፣ እጁ እስከ ክንዱ የጠቆረ ልጅ ብድግ ብሎ ተቀበለን። የኋላውን እግር በዐይኑ ዙሮ ተመለከተና ዋጋውን ነገረኝ።

«500 ብር ነው፣ ፋዘር። የቸርኬው ውስጥ ዝጓል፤ እሱን አጽድቼ፣ የውስጡን ቀበቶ በአዲስ ቀይሬ ነው። ካላማዳሪያም አዲስ ግዙ። ይሄኛው ሁለት ቦታ ተለጥፏል፤ ተለጥጧልም። አዲስ ጎማ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል።»

«ለግማሽ ሰዓት ሥራ 500 ብር?» አልሁ። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት ከጎን የተቀመጡት ሰዎች ዘወር ሲሉ ነው።

ክርክሩ ረዘመ። አዲሱ ካላማዳሪያ 800 ብር ነበር፤ «ሊሸጥልን ፈልጎ ነው» ስል ለወንድሜ በሹክሹክታ ነገርሁት። ዝገቱም እስከ ዛሬ አብሮን የኖረ ነው አልሁ። በመጨረሻ ልጁ ትከሻውን ሰበቀና፣ «እንግዲያው ማጽዳትም ቀበቶም የለም፤ አውልቄ ልግጠምላችሁ፤ 300» አለ። ተስማማሁ። እንደ ድል አድራጊም ተሰማኝ። ወንድሜ ምንም አልተናገረም።

* * *

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ በዝናብ፣ ጎተራ ማሳለጫ አጠገብ የኋላው ጎማ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሞተሩ ወደ ጎን ሄደ፤ ወንድሜም አብሮ። ከኋላው ይመጣ የነበረው አይሱዙ በጥቂት ሜትሮች ቀርቶት ቆመ። የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። ራጅ፣ ጀሶ፣ መድኃኒት፤ ከዚያም ስድስት ሳምንት ያለ ሥራ። «ተመስገን፣ ነፍሱን አተረፈለት» ብላ እናታችን አለቀሰች። እኔ ግን ቅዱስ የሆነ ቁጣ ተቆጣሁ፤ የምቆጣበትም ሰው ነበረኝ።

እግሩን አስፈትቼ፣ በታክሲ ጭኜ ያቺ ሸራ ዘንድ ሄድሁ። ልጁ የምለውን ሁሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ የተገለበጠ የቢራ ሣጥን ሰጥቶኝ ተቀመጥሁ፤ እሱም ጎማውን ፈልቅቆ ካላማዳሪያውን አወጣና በጣቱ እየነካ አሳየኝ። ቀዳዳው የጀመረው ያረጀው ቀበቶ ወደ ጎን ተንሸራትቶ የቸርኬው ሽቦ ጫፍ ከተጋለጠበት ቦታ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ካላማዳሪያው በታጠፈበት መሥመር እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተርትሯል። «አዲስ ቢሆን ኖሮ ቀስ ብሎ ነበር የሚተነፍሰው፤ ያቆም ነበር» አለኝ። አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥሎም ጎማውን አገላብጦ ከጎኑ የታተመ አንድ ትንሽ ቁጥር አሳየኝ፤ 1518 ይላል። «ይሄ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አላውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኀዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ጎማው የተሠራው በፈረንጆች 2018፣ በ15ኛው ሳምንት ነው። «አዲስ» ተብሎ የተሸጠልን ጎማ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር። ላስቲክ ደግሞ ሳይነዱትም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ መንገድ ላይም እንደ ድሮው አይዝም። የዐሥራ ሁለተኛን ክፍል ሳይጨርስ ያቋረጠው ይህ ልጅ የነገረኝን፣ 4,600 ብሬን የተቀበለው ሻጭ አልነገረኝም። ዲግሪ ያለን ሁለት ወንድማማቾችም ለመጠየቅ አላወቅንም።

ያን ጊዜ ነው አስቀድሜ ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ የጠየቅሁት፦ «ያ 500 ብር ምን ምን ነበረበት?»

ሒሳቡ አጭር ነው። 100 ብሩ ለቀበቶው፣ ለብርጭቆ ወረቀቱና ለሳሙናው። የቀረው 400 ብር ከቤቱ ባለቤት ጋር እኩል ይከፈላል፤ ባለቤቱ ቦታውን፣ መብራቱንና የንፋስ መሙያውን ሞተር ያቀርባል። ስለዚህ በ500 ብሩ ሥራ ልጁ 200 ብር ያገኝ ነበር፤ በ300 ብሩ ሥራ ግን 150 ብር አገኘ። ድል ያደረግሁበት 200 ብር ሲበተን፣ 100 ብሩ የወንድሜ ቀበቶ፣ 50 ብሩ የባለቤቱ ድርሻ፣ የቀረችው 50 ብር ደግሞ ልጁ ተንበርክኮ ዝገት የሚፍቅበት ድካም ነበረች። ዋጋውን የቀነስሁ መስሎኝ ሥራውን ነበር የቀነስሁት። እሱም አልደበቀኝም፤ የቀነሰውን አንድ በአንድ ነግሮኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። «ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረት ለእኔ ነው።

* * *

እስኪ ወደ ሀገር ጉዳይ እንመለስ፤ በእርግጥ ከእርሱ አልወጣንም።

ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፤ እሱም ባለ ሞተር ነው። የወንድሜን አደጋ ሰምቶ ሲደውል ይህንኑ ታሪክ አጫወትሁት፤ እሱም የራሱን ነገረኝ። ሁለት ጎማ በኢንተርኔት በርካሽ ገዝቶ ወደ አንድ ሱቅ ወሰዳቸው። ለማስገጠሚያ ብቻ 180 ዶላር ተጠየቀ። በወረቀቱ ላይ ሁሉም በየረድፉ ሰፍሯል፦ የእጅ ዋጋ፣ የሚዛን ማስተካከያ፣ የንፋስ ማስገቢያው መቀየሪያ፣ አሮጌውን ጎማ የማስወገጃ ክፍያ። «ጎማውን ከእኛ ገዝተህ ቢሆን ኖሮ እንቀንስልህ ነበር» አሉት። በሚቀጥለው ጊዜ መፈልቀቂያ ብረት ገዝቶ፣ ቪዲዮ እያየ፣ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ በገዛ እጁ ቀየረ። የአክስቴ ልጅ መሐንዲስ ነው።

ሒሳቡን አነጻጽሩት። በዚያ ሰሞን በባንኮች አንድ ዶላር ከ130 ብር በላይ ነበር። የአክስቴ ልጅ ለሁለት ጎማ ማስገጠሚያ የከፈለው፣ እኔ መርካቶ የገዛሁትን ዓይነት ጎማ አምስት ይገዛል። እኔ ለልጁና ለባለቤቱ የከፈልሁት ደግሞ ሁለት ዶላር ተኩል እንኳ አይሞላም። ጎማው እዚህም እዚያም ጎማ ነው። ሥራውም ያው ነው፦ የመሀሉን ዘንግ መፍታት፣ ፍሬኑንና ሰንሰለቱን ማላቀቅ፣ ጎማውን ሳሙና ቀብቶ መፈልቀቅ፣ ካላማዳሪያውን ሳይቆነጥጡ ማስገባት፣ ነፍቶ ማሠር። የተለየው የእጁ ዋጋ ብቻ ነው። እዚያ እጅ ውድ ስለሆነ መሐንዲሱ ይንበረከካል፤ እዚህ እጅ ርካሽ ስለሆነ የተማረው ቆሞ ይከራከራል።

ለዚህ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በቂ ማብራሪያ አላቸው። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የዓለም ዋጋ ነው፤ ባሕር መሻገር የማይችል ሥራ ግን ዋጋው የሰፈሩ ዋጋ ነው። ጎማ በዶላር ይተመናል፤ የሚገጥመው እጅ በጎረቤቱ ችጋር ይተመናል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም።

ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዚያው ዕለት የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር መርሐ ግብር አጸደቀ። ዋዜማውን በባንክ 58 ብር እንኳ የማይሞላው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ጎማ ሻጮች ከዚያ በፊትም ዋጋቸውን የሚያሰሉት ባንክ በሚለው ሳይሆን ጥቁር ገበያው በሚለው ነበር፤ ስለዚህ ጭማሪውን ሁሉ በአንድ ውሳኔ ላይ መጫን አይገባም። የማነሣው ነጥብ ሌላ ነው። የዶላር ዋጋ እንዲስተካከል ቀን ተቆረጠ፣ መመሪያ ወጣ፣ ድርድር ተደረገ፣ ቢሊዮኖች ተመደቡ። የእጅ ዋጋ እንዲስተካከል የተቆረጠው ቀን የትኛው ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። የምንዛሪው ለውጥ ሲታወጅ ዐዋጁ አምስት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ የግል ሠራተኛው ግን ያን ቀን የሚደገፍበት ወለል አልነበረውም። ዶላር አጣዳፊ ሆነ፤ እጅ ይደርሳል ተባለ። እርግጥ ነው፣ ቦርዱ ተቋቁሞ ቢሆንም እንኳ በእኩል ድርሻ ለሚሠራ የጎሚስታ ልጅና በማድረሻ ልክ ለሚከፈለው ወንድሜ ላይደርስ ይችል ነበር። ሁለቱም በውል አነጋገር «ተቀጣሪ» አይደሉምና። ሕግ የማያያቸውን ማየት ያለብን እኛ ነን፤ እኛ ግን የምናያቸው 200 ብር ሊቀነስልን ሲሆን ነው።

* * *

የእጅ ሥራን መናቅ ከትናንት የጀመረ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንሰድብ ኖረናል፤ በሠራው ማረሻ እያረስን፣ በሠራችው ድስት እየበላን። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰው ነበር። ስድቡ በከተማ ቀንሷል፤ መናቁ ግን ልብስ ቀይሮ በዋጋ ክርክር ገብቷል።

ስለ ቋንቋችንም አንድ ነገር ልበል። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪያ፣ ኩሽኔታ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ካላማዳሪያ በጣሊያንኛ «የአየር ክፍል» ማለት ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲወጣ ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ፤ ሊቃውንቱም አማርኛ ይፈልጉላቸው ዘንድ ብዙ የተጨነቁ አይመስልም። ቃላቱን ጠብቀው፣ አንደበታቸው እንደሚመቸው አርመው፣ ለልጅ ልጅ ያስተላለፏቸው እነዚሁ እጃቸው የጠቆረ ሰዎች ናቸው። ለሙያው ከፍ ያለ ቦታ ብንሰጠው ኖሮ ለመሣሪያዎቹ ስም ለማውጣትም እንሽቀዳደም ነበር።

እኔ ራሴን ከዚህ ውጭ አድርጌ የምሰብክ እንዳይመስላችሁ። ለዓመታት ስለ ፍትሐዊ የሀብት ክፍፍል ጽፌአለሁ። ባለሥልጣናት የሕዝብ ድካም እንደማይገባቸው ወቅሻለሁ። የሀብት ክፍፍል ግን አንድ ቀን ሰኔ ላይ በእኔ እጅ ገብቶ ነበር፤ መጠኑም 200 ብር ነበር። እንዴት እንዳከፋፈልሁት ነግሬአችኋለሁ። ዶላርን ለጠቀሰልኝ ሻጭ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ዝገትን ለጠቀሰልኝ ልጅ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ከሻጩ ጀርባ ባንክ፣ ወደብ፣ ጉምሩክ ቆመዋል፤ ከልጁ ጀርባ የቆመ የለም። የምንከራከረው ዋጋው የተጋነነ ሲመስለን ሳይሆን ክርክሩን እንደምናሸንፍ ስናውቅ ነው። ከላይ ያሉትን የምንከሰው ኃይለኛውን ትተው ደካማውን ይጫናሉ ብለን አይደለምን?

* * *

ያን ዕለት አዲስ ካላማዳሪያና ቀበቶ ገዛሁ። ልጁ ቸርኬውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፈገፈገው፤ የሽቦዎቹን ጫፎች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ነፋስ ከሞላ በኋላ በሳሙና ውኃ ዳብሶ አረፋ እንደሌለ አሳየኝ። ሰዓቴን ተመለከትሁ፤ 55 ደቂቃ ወስዶበታል። ሰባት ዓመት ስለሞላው ጎማ ጠየቅሁት። «ለጊዜው አልተሰነጠቀም። ዝናብ ላይ ቀስ ይበል፤ ገንዘብ ስታገኙ ግን ቀይሩት» አለኝ። 500 ብር ሰጠሁት። ተጨማሪ 200 ብር ብዘረጋለት እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ፤ «የሥራው ዋጋ 500 ነው፣ ፋዘር» አለኝ። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያሳፈረኝ ይህ ነው። ልጁ ምጽዋት አልጠየቀኝም ነበር፤ የጠየቀኝ ዋጋውን ነበር።

ወንድሜ ጀሶው ተፈትቶለት ወደ ሥራው ከተመለሰ ወራት አለፉ። አንድ ምሽት በዝናብ ርሶ ገባ፤ ጫማውን እያወለቀ፣ ሦስት ፎቅ የወጣላት አንዲት ደንበኛ ከማድረሻው ላይ 50 ብር ካልቀነስህ ብላ አሥር ደቂቃ በር ላይ እንዳቆመችው አጫወተኝ። የሚቀጥለው ደንበኛ ደግሞ ምግቡ ቀዘቀዘ ብሎ ተቆጥቶታል። የጠፋችውን አሥር ደቂቃ ለማካካስ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፈጥኖ ነበርና፣ እኔ የጠየቅሁት ስለ ገንዘቡ አልነበረም።

«ምን አልሃት?» አልሁት።

«ቀነስሁላት» አለ። «ምን ላድርግ ጋሼ? አንተም እኮ ትከራከር ነበር።»

መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም። ያለኝ አንድ ልማድ ብቻ ነው፦ ከእንግዲህ የእጅ ዋጋ ሲነገረኝ «ለምን ይህን ያህል?» ከማለቴ በፊት «ምን ምን አለበት?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ነገ ጠዋት ጫማችሁን ስታስጠርጉ፣ ዕቃችሁን ስታሸክሙ፣ ጎማችሁን ስታስቀይሩ ይህን ጥያቄ ሞክሩት።

ቸር እንሰንብት።